ከሽልማቱ በፊት ጭራሮው

ሰላም መምህርት። «በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ የሕፃናት መጻሕፍት አሉን፤ ለ4ኛ ክፍል ልጆች የዓለምን ጀግኖችና ባህሎች በእነሱ እንዴት ላስተምር?» ብለሻል። መጀመሪያ የተበላሸብኝን ልንገርሽ።

ስለ ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ የሚተርክ የሥዕል መጽሐፍ ነበረኝ። ስሟን፣ አገሯን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ማግኘቷን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ልጆቹ ገለበጡ። በሳምንቱ «ማን ነበረች?» ስል አንዱ እጁን አውጥቶ «ሯጭ!» አለኝ። ኬንያ ሲባል ሌላ ምን ይምጣበት?

በዓመቱ ከልጅነቷ ጀመርኩ። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ የእንቁራሪት እንቁላል ዶቃ ይመስላትና ልታነሳው ትሞክር ነበር። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ጭራሮ ስትለቅም ደግሞ እናቷ ከአንድ ትልቅ ዛፍ እንዳትነካ ትከለክላታለች፤ የእግዜር ዛፍ ነው ብላ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። «ለምን ይመስላችኋል?» አንዲት ልጅ፣ «አያቴ አገርም አድባር አለ፣ አይቆረጥም» አለች። ሌላው የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አመጣ። ስለ ብሔረሰቧ ስለ ኪኩዩዎች ባህል እኔ ብዙም አልተናገርኩም፤ ልጆቹ ጨረሱት። ዛፉ በኋላ ተቆርጦ ምንጩም መድረቁን ስነግራቸው ፀጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 ችግኝ የማስተከል እንቅስቃሴዋን ለምን እንደጀመረች ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ማንዴላንም እንዲሁ። ቁኑ በሚባል ገጠር ከብት ጠባቂ ሳለ አህያ እሾህ ውስጥ ጥሎት ጓደኞቹ ፊት ተዋርዷል። ይህን ከሰሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን ንገሪያቸው። «የኛ ኮልፌ?» ይሉሻል።

እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ። ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ እተርካለሁ፤ ከየገጹ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ አስይዛቸዋለሁ። ሃምሳ ምናምን ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ። በዴስኮቹ መሀል መዞር ነው እንግዲህ፤ እግር ይቆርጣል፣ ሌላ መላ አላገኘሁም።

ሁሉንም ግን ቀድመሽ አንብቢ። ባህልን ልብስና ጭፈራ ብቻ የሚያደርጉ፣ አፍሪካን አንድ አገር የሚያስመስሉ አሉ። እኔ እተዋቸዋለሁ። አንዱን ብቻ ሆን ብዬ ወሰድኩት፦ ስለ እኛ የተጻፈ ነው፣ እንጀራ በሹካ ሲበላ ይታያል። ልጆቹ ስህተት ሲለቅሙ ደወል ተደወለ። ከመውጣታቸው በፊት አንዷ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ የኬንያው ላይስ ስንት ስህተት ይኖራል?» አለችኝ።

ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ካገኘሽ አትጣይው።