ከክፍሉ ኋላ የሚቀመጥ ባልደረባ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ ዐምዳችን በዚህ ዕትም በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሠራተኞችን ከሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች ይዞ ቀርቧል። የመጀመሪያው ጥያቄ በሌሎች ደብዳቤዎችም ተደጋግሞ የተነሣ በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሰንጋ ተራ በሚገኝ የፋይናንስ ተቋም ውስጥ የሥልጠና ባለሙያ ነኝ። አዲስ ለሚቀጠሩ የቅርንጫፍ ሠራተኞች ስለ ደንበኛ አያያዝና ስለ ገንዘብ ቤት አሠራር ሥልጠና እሰጣለሁ። በክፍላችን ያለነው ጥቂት ሰዎች ብንሆንም አንዳችን የሌላችንን ሥልጠና አይተን አናውቅም። ኃላፊዬ “ራስሽን አሳድጊ፤ ከሌሎች አሠልጣኞች ጋር ተዋወቂ” ይለኛል፤ እኔ ግን ሰው በተሰበሰበበት እየዞርኩ ስልክ መለዋወጥ ደጅ እንደ መጥናት ይሆንብኛል። በዚያ ላይ የሌላው ተቋም አሠልጣኝ የተፎካካሪያችን ሠራተኛ ነው። ከየት ልጀምር?
ወ. አ.፣ ከሰንጋ ተራ

መልስ፦ ውድ ወ. አ.፣ በአዳራሽ ውስጥ እየዞሩ የስም ካርድ መለዋወጥ ካልሆነልዎ አይጨነቁ፤ በእኛ አስተያየት ለአሠልጣኝ ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው የትውውቅ መንገድ ይኸው ነው። የሒሳብ ባለሙያ ሥራውን በወረቀት ላይ ስለሚያስቀምጠው ሌላ ባለሙያ ከወራት በኋላም ቢሆን ገልጦ ሊመረምረው ይችላል። የአሠልጣኝ ሥራ ግን በክፍል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ የሚያዩት ሠልጣኞቹ ብቻ ሲሆኑ እነርሱም ስለሚማሩት ነገር እንጂ ስለ ማሠልጠን ሙያ አስተያየት እንዲሰጡ አይጠበቅባቸውም። ስለዚህ ስልክዎን በስም ከመሙላት ይልቅ፣ እርስዎ ሲያሠለጥኑ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው የሚያዩዎትን፣ እርስዎም በተራዎ ሄደው የሚያዩዋቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ማግኘት የበለጠ ይጠቅምዎታል።

እነዚህን ሰዎች ለመፈለግ ከሕንፃዎ መውጣት አያስፈልግዎትም። በአንድ ክፍል እየሠራችሁ አንዳችሁ የሌላችሁን ሥልጠና አለማየታችሁ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ቢሆንም የሚያስገርም ነው። ለአንዱ ባልደረባዎ “በሚቀጥለው ሳምንት ከሻይ ዕረፍት በፊት ያለውን ክፍለ ጊዜ ተቀምጠህ እይልኝ” ብለው ይጠይቁት። የመጀመሪያውን ግብዣ እርስዎ ማቅረብዎ ተገቢ ነው፤ ሌላው ሰው ሳይጋበዝ ልይህ ቢባል ተቆጣጣሪ የተላከበት ሊመስለው ይችላልና።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ባልደረባዎ ሥልጠናውን አይቶ ሲያበቃ “በጣም ጥሩ ነበር፤ ትንሽ ሰዓት ብቻ አጠረ” ብሎ ይሸኝዎታል፤ እርስዎም አመስግነው ይመለሳሉ፤ ሁለታችሁም ያገኛችሁት ነገር የለም። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ተመልካቹ አስተያየት እንዳይሰጥ፣ ያየውን ብቻ እንዲመዘግብ አስቀድሞ መስማማት ነው። አንድ ነጭ ወረቀት ይስጡትና በየደቂቃው ማን እንደተናገረ፣ ከሠልጣኞቹ መካከል አንድም ቃል ያልተነፈሱት የት እንደተቀመጡ፣ እርስዎ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ ጠብቀው ራስዎ እንደመለሱት ይጻፍልዎት። ቁጥር ማንንም አያስቀይምም።

የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስልዎ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና በፈቃዳቸው የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይተዋል። ጥናቱ የተደረገው በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ቢሆንም፣ በአዳራሽ ውስጥ አለቃው አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ለማውጣት ለሚያመነታ የእኛ አገር ሠራተኛ 3 ሰከንድም የሚበቃው አይመስለንም። ያም ሆነ ይህ፣ ይህን የመሰለውን ጉድለት አሠልጣኙ በራሱ ሊያየው አይችልም፤ እርሱ በዚያ ሰዓት የሚቀጥለውን ስላይድ እያሰበ ነውና።

ከመሥሪያ ቤትዎ ውጭ ላለው ሰው ደግሞ የተሻለው መንገድ ሠልጣኝ ሆኖ መግባት ነው። ለምሳሌ በሜክሲኮ አካባቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ለንግዱ ማኅበረሰብ ሥልጠናዎችን ያዘጋጃል፤ ከእርስዎ ቢሮም በእግር የሚደረስበት ነው። ርዕሱ ከሥራዎ ጋር በቀጥታ ባይገናኝም ይሂዱ፤ የሚሄዱት አሠልጣኙን ለማየት ነውና። በሻይ ዕረፍት ላይ “ሥልጠናው ደስ ይላል” ከማለት ይልቅ “ቡድኖቹን በዚያ መልኩ የከፈልካቸው ለምንድን ነው?” ብለው ቢጠይቁት፣ ሙያውን የሚወድ ሰው ከሆነ ሻይው እስኪቀዘቅዝ ያወራዎታል። ደጅ የሚጠናው አንድ ነገር እንዲደረግለት የሚለምን ሰው ነው፤ ስለ ሰው ሥራ በትክክል የጠየቀ ግን አክብሮት ሰጥቷል።

ስለ ፉክክር ያነሡት ሥጋት ትክክለኛ ነው፤ ወሰኑን ማበጀት ግን አያስቸግርም። የተቋምዎን የውስጥ መመሪያ፣ የአገልግሎት ዕቅድ፣ የደንበኛም ሆነ የሠልጣኝ መረጃ ይዘው አይውጡ። አንድ መልመጃ እንዴት እንደተመራ፣ የሚያንቀላፋ ክፍል እንዴት እንደሚነቃ፣ ሁሉን ነገር አውቃለሁ የሚል ሠልጣኝ እንዴት እንደሚያዝ ግን የማንም ተቋም ምስጢር አይደለም። ይህንኑ ለኃላፊዎ በአጭር ማስታወሻ ጽፈው ፈቃድ ያግኙ፤ “ተዋወቂ” ያለዎት እርሱ ስለሆነ እምቢ አይልዎትም ብለን እንገምታለን።

ሦስት ወይም አራት ሰው ካገኛችሁ በኋላ ምን እናውራ ካላችሁ፣ ከሥልጠናው በኋላ ስለሚሆነው ነገር ብታወሩ ይበጃል። ዶናልድ ከርክፓትሪክ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 መጻፍ በጀመሯቸው ተከታታይ ጽሑፎች ሥልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን ሐሳብ አቅርበዋል፦ ሠልጣኞቹ ወደዱት ወይ፣ ምን ተማሩ፣ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ አሠራራቸው ተለወጠ ወይ፣ ድርጅቱስ ምን አተረፈ። በከተማችን በአብዛኛው የምናየው ምዘና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቆማል፤ እርሱም በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የምስክር ወረቀቱና ውሎ አበሉ በሚጠበቅበት ሰዓት የሚሞላው ቅጽ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ሰው “በጣም ረክቻለሁ” የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። እርስዎ ሦስተኛውን ደረጃ ይሞክሩ። ሥልጠናው ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጋር ተነጋግረው፣ ያሠለጠኗት ገንዘብ ከፋይ ከደንበኛው ፊት ቆጥራ እንደምታስረክብና እንደማታስረክብ፣ ሰልፉ ሲረዝም ለተሰለፈው ሰው ምን እንደምትል ቆመው ይመልከቱ። ያልተለወጠውን ይዘው ወደ ባልደረቦችዎ ቢመጡ ከአንድ ቀን ዐውደ ጥናት የበለጠ የሚያነጋግር ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ጊዜው፦ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ያልተነካ የሥልጠና በጀት ለመጨረስ የሚሮጥባቸው ወራት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የትኛውንም አሠልጣኝ ቢጠሩት አይመጣም። በመስከረምና በጥቅምት ይጀምሩት። የባንክ ሠራተኛ ቅዳሜም ሥራ ገቢ በመሆኑ ከሥራ ቀናት አንዱን መርጣችሁ ከ11 ሰዓት በኋላ መገናኘት ይሻላል፤ የታክሲው ሰልፍ እስኪቀል ድረስ የሚቆየው ሰዓት ያለዚያም በከንቱ የሚያልፍ ነው። እንደ ዕቁብ ተራ አውጡና በየጊዜው አንድ ሰው የራሱን መልመጃ አቅርቦ በሌሎቹ ላይ ይሞክረው። የቴሌግራም ቡድን መክፈት ቀላል ቢሆንም ሰዎቹ ፊት ለፊት ሳይገናኙ የተከፈተ ቡድን የበዓል መልካም ምኞትና የሥራ ማስታወቂያ መለጠፊያ ሆኖ ይቀራል። ኋላ ሕጋዊ የሙያ ማኅበር መሆን ካማራችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበርን አምስትና ከዚያ በላይ አባላት የሚመሠርቱት ድርጅት አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ለጊዜው ግን መተዳደሪያ ደንብ ከመጻፍ መልመጃ መጻፍ ይቅደም።

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሳሠለጥን ቆይቼ አሁን ሥራ ልቀይር ነው። መምሪያዎቹን፣ ስላይዶቹንና መልመጃዎቹን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤ አንዳንዶቹንም ማታ ቤቴ ተቀምጬ ነው የሠራኋቸው። ይዣቸው ብወጣ ጥፋት ነው? የሠልጣኞቼንስ ስልክ?
ሰ. መ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ ሰ. መ.፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት ያዘጋጀው ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የአሠሪው እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሥራ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። ሥራው ማታ ቤትዎ መሠራቱ ብቻውን ነገሩን አይለውጠውም፤ ዋናው ጥያቄ ለሥራዎ ተብሎ መዘጋጀቱ ነው።

ይህ ማለት ባዶ እጅዎን ይወጣሉ ማለት አይደለም። አዋጁ የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳብን፣ የአሠራር ዘዴንና ሥርዓትን አይደለም። አንድን ቅሬታ ያለበት ደንበኛ ወክሎ የሚጫወት ሠልጣኝ መርጦ ሌሎቹ ተራ በተራ እንዲያስተናግዱት ማድረግን የመሰለ ዘዴ በሄዱበት ሁሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ የድርጅቱን መምሪያ ገልብጠው በሌላ አርማ ማተም ግን አይችሉም። የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ የሞራል መብትም የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመጠቀሙ መብት፣ የአሠሪው በሆነበት ጊዜ እንኳ ከእርስዎ ጋር ይቆያል፤ ከመውጣትዎ በፊት ስምዎ በመምሪያው ላይ እንዲሰፍር፣ ጥቂት ገጾችም ለናሙና እንዲፈቀዱልዎ በጽሑፍ ቢጠይቁ ነውር የለበትም። የሚፈቀድልዎ ነገር ባይኖርም፣ ለእያንዳንዱ ሥልጠና ለእነማን እንደተሰጠ፣ ምን ችግር ለመፍታት እንደታሰበና ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ የሚገልጽ አንድ ገጽ በራስዎ ቃል ይጻፉ፤ ለአዲስ ቀጣሪ ከ200 ስላይድ ይልቅ ይህ ይናገራል።

የስልክ ዝርዝሩን ግን ይተዉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ሰዎች ለሥልጠና ምዝገባ የሰጡትን ስልክ ለሌላ ዓላማ ይዞ መውጣት በአሠሪዎ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሕግ ፊትም ሊያስጠይቅ ይችላል። ሊያገኟቸው የሚፈልጓቸውን ሰዎች ገና በሥራ ላይ እያሉ በአካል ያነጋግሯቸውና ፈቃዳቸውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአሠልጣኞች ሥልጠና ምስክር ወረቀት ልውሰድ ወይስ ለውጭ አገሩ ገንዘብ ላጠራቅም? ማሠልጠን የጀመርኩት በቅርቡ ነው።
ዳ. ከፒያሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የውጭ አገሩ ይቆይልህ። በሙያው በሰፊው የሚታወቀው ኤቲዲ (ATD) የተባለው የአሜሪካ የሥልጠና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመ ሲሆን ከሚሰጣቸው ሁለት የሙያ ማረጋገጫዎች የመጀመሪያው 3 ዓመት፣ ከፍተኛው 5 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ክፍያውም በዶላር ነው። ገና ስለጀመርክ ለጊዜው አይመለከትህም።

የአገር ውስጡን በሚመለከት፣ ከመክፈልህ በፊት አዘጋጆቹን ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚገባና እያንዳንዱ ሰው ስንት ደቂቃ ቆሞ እንደሚያሠለጥን ጠይቃቸው። በ3 ቀን ሥልጠና በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ በጠቅላላው 1080 ደቂቃ ይሆናል፤ ክፍሉ ውስጥ 40 ሰው ካለ፣ ዋናው አሠልጣኝ አንድ ቃል ሳይናገር እንኳ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 27 ደቂቃ ነው፤ ሌሎቹ አስተያየት የሚሰጡበት ጊዜም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። 12 ሰው ብቻ ከሚያስገባ፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስቁሞ ከሚያሠራና በቪዲዮ ቀርጾ መልሶ ከሚያሳይ አዘጋጅ ጋር ዋጋው ቢወደድም ተመዝገብ። ቁጥሩን ሊነግሩህ ካልፈለጉ ገንዘብህን ይዘህ ሌላ ቦታ ጠይቅ።