ጭረት ያለበትን አዲስ ጊታር መያዝ ወይስ መመለስ? ጥያቄና መልስ

በደሴ ጊታር ሳስተምርና ስጠግን ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ማታ ስለ አዲስ ጊታር ጉድለት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አደራ የምለው፣ ጉድለት ያገኛችሁበትን ጊታር ሻጩ ሳያውቀው ምንም እንዳትቀቡት፣ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍጉት፣ ሱፐር ግሉም እንዳታፈሱበት ነው። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ።

ጥያቄ (ከሸዋ በር)፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከልኝ ባለ ብረት ክር ጊታር ትናንት ደረሰኝ። ከድምፅ ቀዳዳው በታች የጥፍር ርዝመት ያለው ነጭ መስመር፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ምስር የምታክል ስርጉድ አለበት። ሻጩ እስከ 7 ቀን ድረስ እንደሚለውጥልኝ፣ ካልሆነም ከዋጋው ጥቂት እንደሚቀንስልኝ ነግሮኛል። ድምፁን ወድጄዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስርጉዷን ተዋት፤ ድምፅ አትቀንስም፣ አትሰፋምም። ዋናው ነገር ነጩ መስመር የቫርኒሹ ነው ወይስ የእንጨቱ የሚለው ነው። ጊታሩን ወደ መስኮት ወስደህ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍበት አዘንብለውና መስመሩን ከእንጨቱ ሥር (በእንጨቱ ላይ ከሚታዩት ቀጫጭን የተፈጥሮ መስመሮች) አቅጣጫ ጋር አስተያየው፤ እንጨት የሚሰነጠቀው ሥሩን ተከትሎ ስለሆነ፣ ሥሩን አቋርጦ የሚሄድ አጭር መስመር ብዙውን ጊዜ የቫርኒሽ ጭረት ነው። ሥሩን ተከትሎ ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ክሮቹን አላልተህ ትንሽ መስታወት በድምፅ ቀዳዳው አስገባና በስልክህ መብራት ከውስጥ በኩል እየው፤ መስመሩ ከውስጥም ከታየ፣ ወይም ከአጠገቡ በአውራ ጣትህ በቀስታ ስትጫን አንደኛው ወገን ዝቅ ካለ፣ እንጨቱ ተሰንጥቋልና ያለ ማመንታት መልሰው።

መስመሩ የቫርኒሽ ቢሆን እንኳ ገና አትወስን። ዓይን ጭረቱ ላይ ሲያርፍ ከባዱ ጉድለት ሳይታይ ያልፋልና ብሪጁን (ክሮቹ በጊታሩ ፊት ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት) እና አንገቱን መርምር። ስድስቱ የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድነት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ ያን ሁሉ ጉተታ የሚችለው በኮላ የተጣበቀው ብሪጅ ነው። ቀጭን ወረቀት በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ለማስገባት ሞክር። ወረቀቱ የጠርዙን ቫርኒሽ ያህል ገብቶ ከቆመ አያስጋም፤ ወደ ውስጥ እየተንሸራተተ ከሄደ ግን ኮላው ለቋል። ቀጥሎ ስድስተኛውን፣ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና (ፍሬት በአንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት ነው) አንገቱ ከጊታሩ አካል ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫንና በ7ኛው ፍሬት አካባቢ ክሩ ከፍሬቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ተመልከት፤ ቀጭን ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ አንገቱ ደህና ነው። በመጨረሻም የአንገቱን ጀርባ፣ ወደ መቃኛዎቹ ሲታጠፍ ያለውን ቦታ፣ በጣትህ ዳስስ፤ ጊታር በመንገድ ሲወድቅ በቀላሉ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የእኔም ጊታር ትንሽ ችግር አለበት፤ ልመልሰው?

መልስ፦ ችግሩ ምን እንደሆነና የት እንዳለ ሳይነገረኝ መልስ መስጠት አልችልም። አይተህ፣ ለክተህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ መምህር፣ በነሐሴ ከደሴ የገዛሁት አዲስ ጊታር በታኅሣሥ የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን መቧጨር ጀመረ። የፋብሪካ ጉድለት ነውን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፤ ጊታርሽ ደርቋል። እንጨት እርጥበት ሲያጣ በርዝመቱ ሳይሆን በጎኑ ይሸማቀቃል፤ የፍሬቱ ብረት ግን አይሸማቀቅም፤ ስለዚህ የጣት ሰሌዳው ሲጠብ የብረቱ ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል። በሐምሌና በነሐሴ፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በሚውልበት ወቅት፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ የፊት ገጹም ከፍ ስለሚል ክሮቹ ከፍሬቶቹ ይርቃሉ። በበጋ ተቃራኒው ይሆናል። በዚህ ላይ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ጊታሩ ከቅዝቃዜው ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከዚያም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ሲውል፣ ኮላው ጭምር ሊለሰልስ ይችላል። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በበጋ ስታስቀምጪው የጊታሩን ማስቀመጫ ሣጥን ዝጊና እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አድርገሽ ከጎኑ አኑሪ፤ ስፖንጁ ውኃ የማያንጠባጥብ ይሁን። የፍሬቱን ጫፍ ለማስሞረድ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ እንጨቱ ይመለስ።

አስተያየት (ክራር ተጫዋች)፦ የአባቴ ክራር ቀምበሩ ተፋፍቆ፣ ቆዳው በጭስ ጠቁሮ እንኳ ሠርግ ሲያደምቅ ኖሯል። ወጣቶቹን በጭረት ባታስጨንቋቸው ምን አለ?

አስተያየት (ከሆጤ)፦ ክራሩ በአገልግሎት ነው ያረጀው። የአዲስ ዕቃ ሙሉ ዋጋ የከፈለ ሰው ጭረት ለምን ይቀበላል?

አስተያየት (ክራር ተጫዋች)፦ ጭረቱን ሲያይ የሚውል ሰው መቼ ይለማመዳል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ከጥያቄው እየራቃችሁ ነው። ለድምፅ ከሆነ ባለ ክራሩ ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ጊታሩ ነገ ሲሸጥ ገዢው ያንኑ ጭረት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አካሉ ደህና የሆነ ጊታር በቅናሽ ይያዝ፣ በሙሉ ዋጋ ግን አይያዝ። የሚለወጠው ጊታርም ከመጀመሪያው ያነሰ ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል አትርሱ፤ ሁለት እንጨት አንድ ዓይነት አይደለም።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ)፦ የጣት ሰሌዳው ላይ ቡናማ መስመር አለ።

መልስ፦ የዛፉ መልክ ነው። ያዘው።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ባቲንና አምባሰልን በጊታር ለመጫወት የትኛው አቃቃን ይሻላል?

መልስ፦ የዛሬው ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የናይለን ጊታር ገዝቼ ሻጩ ድምፁ ይጉላልህ ብሎ የብረት ክር አሰረልኝ። ከብሪጁ ኋላ ገጹ ትንሽ አብጧል። ጭረት ግን የለበትም።

መልስ፦ አሁኑኑ ክሮቹን አላላ! የናይለን ጊታር የተሠራው 40 ኪሎ ግራም ገደማ ለሆነ ጉተታ ነው፤ የብረት ክር ጉተታ ግን ወደዚያ እጥፍ ይጠጋል። ፎቶ አንሳና ነገ ለሻጩ ውሰድለት። እንዲህ ካለ ንጹሕ ጊታር ይልቅ አሥር ጭረት ያለበትን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ጭረቱ የቫርኒሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው ጠያቂ የሰጠሁትን መልስ አንብብ። ሱፐር ግሉም አትንካ።

ጥያቄ (ከሸዋ በር)፦ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ነጩ መስመር ሥሩን አቋርጦ ነው የሚሄደው፤ በመስታወት ሳየውም ከውስጥ ምንም የለም። ወረቀቱ ግን በብሪጁ ግራ በኩል የጣት ወርድ ያህል ገባ።

መልስ፦ እንግዲያው ቅናሹን አትቀበል፤ 7ቱ ቀን ሳያልፍ ይለወጥልህ። ወረቀቱ እንደገባ ፎቶ አንሳና ዛሬ ማታ ለሻጩ ላክለት። ክሮቹን አላላቸው እንጂ ጨርሰህ አትፍታቸው፤ ከአንገቱ ራስ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ደግፍ፤ በሣጥኑ ውስጥ እንዳይናወጥ ዙሪያውን ሙላ፤ አውቶቡሱ ላይ ሲጫንም በላዩ ሻንጣ እንዳይደረብበት ለረዳቱ ራስህ ንገረው።