ከሳይት ወደ ጥቁር ሰሌዳ

«ጅማ ነው የምኖረው። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ባለትዳር ነኝ። ሥራዬ ክፉ አይደለም። ግን ከሳይት ስመለስ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና ነው ነፍሴ ደስ የሚላት። ለቅቄ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ልሁን?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሒሳብና ፊዚክስን በወጉ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገናል።

ግን መልቀቂያህን ነገ አታስገባ። የጎረቤት ልጅ ፈልጎህ ነው የሚመጣው። ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ ግን ፈልጎህ አልመጣም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው። አንተ በቀላሉ የዘለልካት አንዲት እርምጃ ለእሱ ገደል ናት። ጎበዝ መሐንዲስ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። መልሱ ቶሎ ይታየዋል፣ ቶሎ ይናገረዋል።

ሌሎች መምህራን የሌላቸው ሀብት ግን እጅህ ላይ አለ። ግንበኛ የቤት ጥግ ሲያወጣ አይተሃል። በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ሜትር ከመጣለት ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። ልጆቹን ወደ ግቢ አውጣቸው። ሦስት ችካልና ሲባጎ ስጣቸው፣ ራሳቸው ይለኩ። የፓይታጎረስን ቀመር ከዚያ በኋላ ጻፍላቸው። ተዳፋትን ስታስተምር ደግሞ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት አለልህ። ባጃጅ እዚያ ላይ ለምን እንደሚያቃስት ጠይቃቸው።

እስከዚያው እሁድ እሁድ ማጠናከሪያ ትምህርት ስጥ። ለሁለት ሦስት ልጅ ሳይሆን ለሠላሳ፣ ቢያንስ አንድ መንፈቀ ዓመት። ትራንስክሪፕትህን ይዘህም ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂድ። ፒጂዲቲ የሚባለው የማስተማር ሥልጠና አለ፤ በሲቪል ዲግሪህ ለየትኛው ትምህርት እንደሚቀበሉህ ቁርጡን ጠይቅ።

ደመወዙ ይቀንሳል። ከባለቤትህ ጋር ተመካከሩና ለሦስት ወር በመምህር ደመወዝ ልክ ብቻ ኑሩ፣ የተረፈውን አስቀምጡ። የቤት ኪራዩና አስቤዛው ከተሸፈነ መልስህ ግማሹ ተገኝቷል።

ከመጀመሪያው እሁድ በኋላ ጻፍልኝ። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆምክ፣ የትኛው ልጅ እንዳልገባው ንገረኝ። ከዚያ እንቀጥላለን።