ልብ ወለዶችህን ከመሸጥህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዐቢይ ጾም መንፈሳዊ መጻሕፍት ማንበብ እንደ ጀመርክ፣ ቀጥሎም ስለ ቀላል ኑሮ የተጻፉ ነገሮች ልብህን እንደ ማረኩት፣ አሁን ቤትህን የሞሉት ልብ ወለዶች ሸክም እንደ ሆኑብህ ጽፈሃል። ልሽጣቸው ወይስ ላቆያቸው ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ አብዛኞቹ «ሽጥና ተገላገል» ብለውሃል። እኔ የዛሬ ሦስት ዓመት አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ቤትህ እንደ እኔ ቤት ጠባብ ኮንዶሚኒየም፣ መጻሕፍቱም ግማሾቹ ከወላጅ የወረስካቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ግልጽ እንዲሆንልህ በቁጥር ልጻፍልህ።

1. አሁን ምንም አትሽጥ። ፋሲካ ይለፍ፣ ሰውነትህም ሐሳብህም ወደ ልማዱ ይመለስ። በጾም መካከል የወሰንኩት ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር የመጣ ይመስለኝ ነበር።

2. መንፈሳዊ መጽሐፍ ስታነብ ለማን እንደ ተጻፈ አስቀድመህ እወቅ። እኔን የጎዳኝ ይህን አለማወቄ ነው። መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉትን ሦስት መጻሕፍት ከማር ይስሐቅ ጀመርኩ፤ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ገና ይጠብቁኝ ነበር። ልጆቼ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ ዝምታ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ከሰው ስለ መራቅ አነባለሁ። እንደዚያ ያለ ንባብ በሕይወቴ አላጋጠመኝም፤ አንዱን ገጽ ሦስት ሌሊት እየተመላለስኩ ያነበብኩበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በዋሻ በበአት ለሚኖር ሰው የተጻፈውን እኔ የሁለት ልጆች እናት በራሴ ላይ እንደ ትእዛዝ ጫንኩት። ጎረቤቶቼ ቡና ሲጠሩኝ መቅረት ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ከአበው ታሪክ አንዱን አነበብኩ። በግብፅ በረሃ የነበረ አንድ መነኩሴ ከወንጌል መጽሐፉ በቀር ምንም ሀብት አልነበረውም። እሱንም ሸጠና ዋጋውን ለተራቡ ሰጠ፤ «ያለህን ሽጠህ ለድሆች ስጥ የሚለኝን ቃል ራሱን ሸጥኩት» አለ። ይህ ታሪክ እንቅልፍ ነሣኝ። ወንጌሉን የሸጠ ሰው እያለ እኔ ልብ ወለድ ታቅፌ ምን እሠራለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ ከአራተኛ ፎቅ ጠራሁት። 61 መጻሕፍት በሁለት ማዳበሪያ ሞላን፤ 34 ኪሎ መዘነ። በኪሎ 15 ብር፣ በጠቅላላው 510 ብር። ያን ቀን ደረጃውን ስወጣ ቀልሎኝ ነበር።

አባቴ ደብረ ማርቆስ መምህር ነበር። ከሄዱት መካከል አንዱ የእሱ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ በ1958 የወጣ ነው፤ አባቴ የገዛው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነበር፤ ሲያነብ ግን እርሳስ ከእጁ አይለይም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አባቴ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ ይከተል ነበር፤ እኛ ልጆቹ ትንፍሽ አንልም። የበዛብህ እናትና አባት ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር በስለት የሚሰጡበት ቦታ አለ። በዚያ ገጽ ጠርዝ ላይ አባቴ በደቃቁ «ልጁን ማን ጠየቀው?» ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን ጽሑፍ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን መጽሐፉ ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው።

«ኦሮማይ»ም አብሮ ሄደ። በ1975 ታትሞ ወዲያው በደርግ ትእዛዝ ሲሰበሰብ አባቴ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብሮ አቆየው። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር እናቴ አቃጥለው ብላ ለመነችው፤ አላቃጠለም። እሱ በዚያ ሁሉ ፍርሃት ያልጣለውን መጽሐፍ እኔ ማንም ሳያስገድደኝ በኪሎ ሸጥኩት።

510 ብሩን ምን አደረግሽው ብለህ ብትጠይቀኝ ለተራበ አልሰጠሁትም። ጨማምሬ የሳሎን መጋረጃ ገዛሁበት። የመነኩሴውን ታሪክ ግማሹን ብቻ ነበር የያዝኩት።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ጎሽ» ይሉኛል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ማር ይስሐቅን አንብቢ ያለሽ ማን ነው?» አሉኝ። ራሴ ገዝቼ ነው አልኳቸው። «እሱ ለባሕታዊ ነው የጻፈው። አንቺ ዳዊትሽን ድገሚ፣ ልጆችሽን አሳድጊ። ለመሆኑ የአያታቸውን መጻሕፍት ስትሸጪ ልጆቹን አማክረሻቸዋል?» አላማከርኳቸውም። ትልቋ ልጄ አንዱን እስከ መካከሉ አንብባ በቀይ ክር ምልክት አድርጋበት ነበር። ክሩም አብሮ ሄደ። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ባዶውን ግድግዳ ስታይ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ እስከ ዛሬም ስለዚያ ቀን አናወራም።

3. ስለ ቀላል ኑሮ ደግሞ ቁርጥራጩን ሳይሆን ዋናውን መጽሐፍ አንብብ። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1845 እ.ኤ.አ. ዋልደን ኩሬ ዳር በ28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ቤት ሠርቶ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን ኖረ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሦስት ድንጋዮች በየቀኑ አቧራቸው መራገፍ እንዳለበት ሲያውቅ በመስኮት ወረወራቸው። ይህን ታሪክ ስለ ቀላል ኑሮ የሚሰብክ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ያው ሰው በጋውን ሙሉ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን የጦርነት ግጥም ኢሊያድን ከጠረጴዛው ላይ እንዳላነሣ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ያወቅሁት መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ቶሮ ራሱ የጻፈውን «ዋልደን» በእንግሊዝኛ በአምስት ወር ስጨርስ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። አንተም ቤትህ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ፈልግ፤ የማይለበሱ ልብሶች፣ የተሰበሩ ዕቃዎች፣ ባዶ ካርቶኖች ሞልተውሃል። ከእነሱ ጀምር።

«ከቤተ መጻሕፍት እዋሳለሁ» ብለህም እንዳትሸጥ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። አመጣሁ። በሁለተኛው ቀን ማኅተሙ አይነበብም ተባለ፤ እንደገና አስመታሁ። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ተማሪዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «እናት፣ ይህን ሁሉ የሚመላለሱት ለልብ ወለድ ነው? እዚህ ወንበር የምንሰጠው ለሚያጠና ነው» አለኝ። አንተ ከምትጠብቀው መደርደሪያ ብዙውን ገና ሳትወለድ አንብቤዋለሁ አልኩትና ወጣሁ። እስከ አሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ልብ ወለድ ለማንበብ የድጋፍ ደብዳቤ! አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደ ነበር አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቅዳሜ በተከታታይ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ዞርኩ። ክምሩን እንዳገላብጥ ፈቀዱልኝ፤ አንዱ ወጣት ነጋዴ በርጩማውን ሳይቀር ለቀቀልኝ። የሌላ ሰው ስም፣ የሌላ ሰው መታሰቢያ የተጻፈባቸው ብዙ አገኘሁ፤ የአባቴን እጅ ጽሑፍ አላገኘሁም። በመጨረሻ አዲስ ኅትመት ገዝቼ ተመለስኩ። ትንሹ ልጄ በየማታው ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ ትልቋ ከመኝታ ቤት በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰማለች።

አሁን ጠዋት አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ እደግማለሁ። ማር ይስሐቅን አልተውኩትም፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጥቂት ገጽ ብቻ አነባለሁ፤ ያልገባኝን ለንስሐ አባቴ አቆያለሁ። ማታው የልብ ወለድ ነው። ካለፈው መስከረም ወዲህ 14 መጻሕፍት ጨርሻለሁ፤ ዘጠኙ ልብ ወለድ ናቸው። ጎረቤቶቼም ቡና ሲጠሩኝ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ከሸጥክ በኋላ ሳይሆን ከመሸጥህ በፊት የመጻሕፍቱን ዝርዝር እዚሁ ጻፍልን፤ ከወላጆችህ እጅ የመጡትን ለይተህ። መልስህን እጠብቃለሁ።

ሌሎቻችሁንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት አሮጌ «ፍቅር እስከ መቃብር» የገዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ ግለጡት። በቡናማ ወረቀት የተለበደ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ በሰማያዊ ቀለም «ደብረ ማርቆስ፣ 1969» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ጠርዙ ላይ ደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። ያገኘ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የጠየቀኝን ዋጋ እከፍላለሁ፤ መሸጥ ካልፈለገም የአባቴን ጽሑፍ ብቻ እንድገለብጥ ይፍቀድልኝ።