ለቁልቢ በባቡር ወይስ በአውቶቡስ? ከጎንደር እናቷን ይዛ ለምትሄደው እህት

እታለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ትሄዳላችሁ። ከዚያ እስከ ድሬዳዋ ባቡር ይሻላል ወይስ አውቶቡስ ነው ያልሽው። እኔም እናቴን ለዚያው ለታኅሣሥ 19 በባቡር ወስጃት ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

በባቡር ውሰጃቸው። ግን 18 ላይ አትሳፈሩ።

እኛ ጎንደሮች ረጅም መንገድ ሲባል ትዝ የሚለን አውቶቡስ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መናኸሪያ መገተር፣ ጉልበት ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት፣ ለሽንት እንኳ መኪናው እስኪቆም መጠበቅ። እማዬ ከአውቶቡስ ስትወርድ እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም ነበር። ባቡሩ ላይ ግን እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሲደክማት ጋደም አለች፣ ሲሰለቻት ተነስታ ፉርጎውን እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ባለ አልጋውን ፉርጎ ነበር የያዝነው። አልጋው ሦስት ሦስት ሆኖ የተደራረበ ስለሆነ ትኬት ስትቆርጪ የታችኛውን አጥብቀሽ ጠይቂ፣ በታመመ ጉልበት ወደ ላይ መውጣት አይታሰብም። ድሬ ስንደርስ ጫማዋን ያለ ምንም ችግር አጠለቀች። እኔ ለዚህ ብቻ ስል ደግሜ በባቡር እወስዳታለሁ።

አንጀቴን የሚበላኝ ነገር አለ። ከወረታ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚደርስ ባቡር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ነበር። አዘዞ እኮ ደጃችን ነው! እናቶቻችን ከደጃቸው የሚሳፈሩበት ቀን እንዲመጣ ከልቤ እመኛለሁ።

ከአዳማ ወዲያ ያለውን መንገድ አልረሳውም። መተሐራ ጋ በሰቃ ሐይቅ አለ፣ ለብዙ ዓመታት እየሰፋ አስፋልቱንም የድሮውንም ሀዲድ ያስቸገረ ውሃ ነው። ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እማዬ ጣናን እያየች ስላደገች «ይኼ ውሃ ምነው ደንገል የለው?» እያለች ዓይኗን አልነቀለችም። አዋሽን ካለፍን በኋላ አገሩ ግራርና ግመል ብቻ ሆነ። በስተቀኝ በኩል የጨርጨር ተራሮች ተከተሉን። አጠገባችን አንድ የድሬ ሰው ነበሩ፣ ሙስሊም ናቸው፣ ለምን እንደምንሄድ ነግረናቸዋል። «እማማ፣ ገብርኤል እኮ እዚያ ተራራው ላይ ነው» ብለው በጣታቸው አሳዩአት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። አማተበች። ከዚያ የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ ምንም ሳትናገር፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ብዙ ቆየች። አውቶቡስ ውስጥ ብንሆን መቆምም አትችልም ነበር።

አሁን ወደ ብስጭቱ። ሚኤሶን አለፍ እንዳልን ባቡሩ ቆመ። ከቆመ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው የተንቀሳቀሰው። ግመል ተገጭቶ ነው አሉ፣ እሱንም ከሰው አፍ ነው የሰማነው። አካባቢው የአርብቶ አደር አገር ነው፣ ከብትና ግመል ሀዲድ ማቋረጡ በዚያ መስመር የታወቀ ችግር ነው፣ ለባለቤቱም ሀብቱ ነው የሞተበት። መቆሙ አላናደደኝም። ያናደደኝ የሚነግረን ሰው ማጣታችን ነው። አውቶቡስ ላይ ቢያንስ ሹፌሩን «ምን ሆነን ነው?» ትይዋለሽ። እዚያ ግን ማንን ትጠይቂያለሽ? ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽማግሌ ውሃ ይጠይቃል፣ ሁሉም መስኮት ላይ ተለጥፎ ሜዳውን ያያል። 18 ላይ አትሳፈሩ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ንግሡ በማግስቱ ነው፣ ባቡሩ ቢዘገይ የእናትሽ ስለት መንገድ ላይ ይቀራል። 16 ወይ 17 ላይ ሂዱ። እኛ በሄድንበት ጊዜ ባቡሩ በየሁለት ቀኑ ነበር፣ ስለዚህ የሚነሳበትን ቀን አስቀድመሽ አጣሪና የአውሮፕላኑን ትኬት ከዚያ በኋላ ቁረጪ።

ሌላው ጣቢያው ነው። ባቡር ብለሽ ለገሃር እንዳትሄጂ፣ እሱ የድሮው ነው። አዲሱ የሚነሳው ከፉሪ ለቡ ነው፣ ከቦሌ ከተማውን አቋርጠሽ ማለት ነው። ጠዋት በጊዜ ስለሚነሳና ፍተሻም ስላለ እዚያው ለቡ አካባቢ እደሩ። መታወቂያ አትርሱ። ድሬም እንደዚሁ ነው። የድሮው ጣቢያ ከዚራ፣ መሃል ከተማ ነው፣ ከተማዋም የተወለደችው ያ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ሲደርስ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ከከተማ ውጭ ነው የሚያወርድሽ። ባጃጅ ታገኛላችሁ፣ ዋጋውን ሳትሳፈሪ ተነጋገሪ።

አውቶቡስ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፣ አልደብቅሽም። ባቡሩ ቁልቢ አያደርስም። አውቶቡሱ ግን በጭሮና በሂርና አድርጎ በቁልቢ በኩል ነው የሚያልፈው። በባቡር ከሄዳችሁ ከድሬ በደንገጎ ዳገቱን ወጥታችሁ ወደ ኋላ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ትመለሳላችሁ። በንግሥ ሰሞን መኪናው ስለሚጨናነቅ የመጨረሻው መንገድ በእግር ነው። ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ግን ድሬ አንድ ሌሊት አርፈው ጉልበታቸው ይመለሳል።

ስንቅ ያዙ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ የጾም ምግብ እንደልብ አገኛለሁ ብለሽ አትተማመኚ፣ እኛ ድፎ ዳቦና ቆሎ ይዘን ነበር፣ ለድሬውም ሰውዬ ተረፈ። ውሃ ደግሞ ከምታስቢው በላይ ያዢ። ድሬ ይሞቃል፣ ቁልቢ ግን ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ከእኛ ከጎንደርም ይከፋል። የእናትሽን ጋቢ ከላይ አድርጊው።

የምትሄዱበትን ቀን ስትወስኚ እዚሁ ጻፊልኝ። ከድሬ ቁልቢ የወሰደንን ሹፌር ስልክ ከእማዬ ደብተር ላይ ፈልጌ በውስጥ እልክልሻለሁ።