የአንባብያን ጥያቄ፦ የማርሱ ድንች ገና አልነቃም

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የሚያነሡት «ዘ ማርሺያን»ን ነው፤ በ2011 የወጣውን የአንዲ ዊየር ልብ ወለድና በ2015 የተሠራውን ፊልም። ታሪኩን ለማያውቅ፦ አንድ ጠፈርተኛ በማዕበል መካከል ሞቷል ተብሎ ማርስ ላይ ይቀራል፤ ጓደኞቹ እስኪመለሱ ድንች እያበቀለ ይቆያል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፊልሙ ሲጀምር ነፋሱ ሰው ይጥላል፣ መንኮራኩሩንም ሊገለብጠው ይደርሳል። እኛ የማርስ አየር ስስ ነው ብለን ነው የምናስተምረው። ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ምን ልበል?» (የፊዚክስ መምህር፣ ባሕር ዳር)

እርስዎ የሚያስተምሩት ነው ልክ። የማርስ የአየር ግፊት 6 ሚሊባር ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የእርሷ 820 አካባቢ ነው። ነፋስ የሚገፋው ደግሞ በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፣ በአየሩም ክብደት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ማርስ ላይ 20 ግራም ነው። ልዩነቱ 50 እጥፍ ያህል ሆነ። ግፊያው በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን ለ50 ሳይሆን ለስኩዌር ሩቱ፣ ማለትም ለ7 ያካፍሉት። እናም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበርር የማርስ ነፋስ፣ ጣና ዳር በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ከሚነፍሰው የበለጠ አይገፋም። ደንገሉን ያወዛውዛል እንጂ ታንኳ አይገለብጥም።

ደራሲው ይህን አጥቶት አይደለም፤ ተፈጥሮ ራሷ ጀግናውን እንድትመታው ፈልጎ አውቆ የገባበት ነው። አንድ ውሸት መነሻ ላይ እንፈቅድለታለን። የሚቆጨን ትክክለኛው አደጋ እዚያው አጠገቡ መኖሩ ነው፦ አቧራው። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ከ14 ዓመት በላይ ስትሠራ ቆይታ በ2018 ድምፅዋ የጠፋው፣ ነፋስ ስለገለበጣት ሳይሆን ፕላኔቷን ያለበሰው አቧራ ፀሐይዋን ጋርዶ ባትሪዋን ስላደረቀው ነው።

«ድንቹ ከምግብ ዕቃው መካከል ወጥቶ ተቆርጦ ይተከላል፤ ሲደርስ ወዲያው መልሶ ይተከላል። እኛ ዘንድ እንዲህ አይሆንም። ማርስ ላይ እንዴት ሆነ?» (ዘር ድንች አብቃይ፣ አዴት)

ማርስም ላይ አይሆንም። ይህን ጥያቄ የፊዚክስ ሰዎች ሳያነሡት ገበሬ ማንሣቱ ደስ ብሎናል። እርስዎ እንደሚያውቁት ከመሬት የወጣ ድንች ይተኛል፤ እንደ ዝርያው ሁለት ሦስት ወር ዓይኑ አይነቃም። ብርሃን በሚያስገባ ማከማቻ ደርድረው አጭርና ጠንካራ ቡቃያ እስኪያጎነቁል የሚጠብቁት ለዚህ ነው። በጂብሬሊክ አሲድ ማንቃት ይቻላል፤ ግን ይህን ሆርሞን ጠፈርተኛ ለምሳ አይዝም። የመጀመሪያው ተከላ ይሁን እንበል፤ የጠፈር ምግብ በጨረር ተመትቶ ወይም ተቀቅሎ ካልታሸገ በቀር ጥሬው ድንች መንገድ ላይ እንቅልፉን ጨርሷል። ችግሩ ሁለተኛው ዙር ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው በቀን 2,500 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። 100 ግራም ጥሬ ድንች 77 ይሰጣል። በቀን ሦስት ኪሎ ከሩብ፣ በዓመት 12 ኩንታል ገደማ መሆኑ ነው። በሄክታር 300 ኩንታል ቢሰጥ (እዚህም ቢሆን ጎበዝ አምራች ነው የሚያገኘው) በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ይወጣል። በየአራት ወሩ ቢታፈስ፣ እንቅልፉንም ረስተን፣ 130 ካሬ ሜትር ይበቃል። ወለሉ እንግዲህ ይገኛል። ግን በ75 ሴንቲ ሜትር መሥመርና በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል ወደ 580 ዘር ይገባበታል፤ እያንዳንዱ 50 ግራም ቢሆን በየዙሩ 30 ኪሎ የማይበላ ድንች ማስቀመጥ አለበት። ሲቆርጠውም በየቁራጩ ቢያንስ ሁለት ዓይን ይተውለት፤ የተቆረጠው ፊት ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። አፈር ማስታቀፉም አይቀርም፤ ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል፣ ያማልም።

ትልቁ ክፍተት ግን ብርሃን ነው። ማርስ የምታገኘው ፀሐይ የምድርን 43 በመቶ ነው፤ ድንቹ ደግሞ ያለው ቤት ውስጥ ነው። በካሬ ሜትር 150 ዋት በሚበላ ጥሩ ኤልኢዲ ብናበራለት 130ው ካሬ ሜትር 20 ኪሎ ዋት ሊሞላ ምንም አይቀረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል፣ ስድስት ምጣድ በቀን ለ12 ሰዓት ተጥዶ እንደ መዋል ነው። የመኖሪያው የጣሪያ አምፖል ለዚህ አይበቃም፤ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ሥሩ ባዶ ይሆናል።

አፈሩንም አንርሳው። ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በ2008 የማርስ አፈር ውስጥ ግማሽ በመቶ ያህል ፐርክሎሬት አገኘች። ይህ ጨው አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢ እንዳይገባ ይከለክላል፤ አዮዲን ያለው ጨው ለምን እንደሚሸጥልን የሚያውቅ ሰው ጉዳቱን ይረዳዋል። በውሃ ስለሚሟሟ አጥቦ ማስወጣት ይቻላል፤ ግን ውሃው ከዚያ በኋላ ራሱ መጣራት አለበት።

«ጠፈር ላይ ልብሱ የተቀደደ ሰው በአንዱ ፊልም ይፈነዳል፣ በሌላው በቅጽበት በረዶ ይሆናል። የቱ ነው?» (ዘጌ)

ሁለቱም አይደሉም። ባዶ ጠፈር ሙቀት የሚወስድበት አየር የለውም። ፔርሙዝ የጠዋቱን ሻይ እስከ ከሰዓት የሚያቆየው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አየሩ ስለወጣ ነው፤ ጠፈርም እንዲሁ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ቀስ ብሎ ነው፤ ከብርዱ በፊት አየር ማጣት ይገድለዋል።

የሚፈላ ነገር ግን አለ። ባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽምብራ እዚህ እሳት የሚያስፈጀው ለዚህ ነው። ግፊቱ ወደ 63 ሚሊባር ሲወርድ በሰውነታችን ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ ይፈላል። በ1966 ሂዩስተን ውስጥ አየሩ በወጣለት ክፍል በናሳ የጠፈር ልብስ ሙከራ ላይ የነበረው ጂም ለብላንክ የልብሱ ቱቦ ተነቅሎ በ14 ሰከንድ ገደማ ራሱን ሳተ። አየሩ በፍጥነት ተመልሶለት ተረፈ፤ የሚያስታውሰው የመጨረሻ ነገር ምላሱ ላይ ምራቁ ሲፈላ ነበር። ቆዳችን ስለማይቀደድ ሰውነት ያብጣል እንጂ አይፈነዳም። ትንፋሽን መያዝ ግን ሳንባን ይቀድዳል፤ ፊልም ላይ ጀግናው በረጅሙ አየር ስቦ ሲዘልል ካያችሁ፣ አየሩን ወደ ውጭ ማስወጣት ነበረበት።

«የመኖሪያው ግድግዳ ሲቀደድ በላስቲክና በፕላስተር ሸፈነው። ይይዛል?» (ባሕር ዳር)

አይይዝም። ውስጡ የምድር ግፊት ሲሶ ብቻ ቢኖረው እንኳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሦስት ተኩል ቶን ክብደት ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ሰባት ካሬ ሜትር ነው፤ አባዙት።

«የጠፈር ልብሱን ጓንት በስቶ በሚወጣው አየር ግፊት መብረር፣ ወይም በእሳት ማጥፊያ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መሄድ ይቻላል?» (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

ጓንቱን ደራሲው ራሱ በቀልድ አንሥቶ ጥሎታል፤ ያደረገው ፊልሙ ነው። ከመጠባበቂያው ጋን ውጭ ልብሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 50 ግራም አይሞላም፤ ሁሉም ቢወጣ ፍጥነትህን በሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢለውጥ ነው። እጅህ ከሰውነትህ መካከል ስለሚርቅ ደግሞ ያሽከረክርሃል።

እሳት ማጥፊያውን በ2013ቱ ፊልም «ግራቪቲ» ላይ ነው ያየኸው። 5 ኪሎ ጋዝ በሰከንድ 300 ሜትር ቢወጣ፣ ከነልብሱ 200 ኪሎ የሚሆን ሰው በሰከንድ 7 ሜትር ተኩል ያገኛል። ፊልሙ ከሚጀምርበት ከሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለመሄድ የምሕዋሩን (ምድርን የሚዞሩበትን መንገድ) ዝንባሌ ከ28.5 ወደ 51.6 ዲግሪ ማዞር ያስፈልጋል፤ እርሱ ብቻ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ይጠይቃል። አራት መቶ ማጥፊያም አይበቃም።

«ማርስ ላይ የሚደርስ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ውሃውን ከነዳጅ ላውጣ? አየሩንስ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

ኬሚስትሪው ልክ ነው። ሃይድራዚን የተባለው የሮኬት ነዳጅ ኢሪዲየም የተባለ የጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑ ሲቃጠል ውሃ ይወጣል። 1 ኪሎ ሃይድራዚንና 1 ኪሎ ኦክስጅን 1.125 ሊትር ገደማ ይሰጡሻል፤ የቀረው ናይትሮጅን ነው። ሃይድራዚኑ መርዝ መሆኑን፣ ሃይድሮጅን ደግሞ ሽታ እንደሌለውና አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ እንደሚነድ አትርሺ። የኦክስጅን ጭንብል ያጠለቀ ሰው የሚስበው አየር አብዛኛው ኦክስጅን ሆኖ ተመልሶ ይወጣል፤ ፊልሙ ላይ ፍንዳታው የመጣው ከዚህ ነው፣ እርሱንም አምነንበታል።

ግን አሁን ቀላሉ መንገድ አፈሩ ነው። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ የማርስ አፈር ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ውሃ እንደያዘ አሳየች፤ ይህ በ2013 ነው የተነገረው። አንድ ሜትር ኩብ ብታሞቂ 30 ሊትር ገደማ ይወጣል። አየሩን በተመለከተ ሞክሲ የተባለው መሣሪያ ከ2021 እስከ 2023 ከማርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክስጅን አውጥቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያወጣው በድምሩ 122 ግራም ነው። ሰው በቀን 840 ግራም ይፈልጋል። ጀግናሽ በዚያ መሣሪያ የሁለት ዓመት ምርት ሦስት ሰዓት ተኩል ትተነፍሳለች፤ የምትሠሪላት ስንት እጥፍ መሆን እንዳለበት ከዚህ ተነሥተሽ አስዪ።