መጠመቂያው እብነ በረድ መሆኑ ለጥምቀቱ የሚጨምረው ነገር አለን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። በእንግሊዝ አገር የሚኖረው ወንድሜ ኢስት ሚዮን በሚባል መንደር ካለ ጥንታዊ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ከጥቁር እብነ በረድ የተሠራ መጠመቂያ ፎቶ ላከልኝ። ልጄ ክርስትና የተነሣው በብረት ሳህን ነበርና ጥምቀቱ የሚጎድለው ነገር ይኖር ይሆን? ለአጥቢያችን እንዲህ ያለ መጠመቂያ ብናሠራስ?

መልስ፦ እኅታችን፣ የልጅዎ ጥምቀት ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ጌታችን ለኒቆዲሞስ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ እንደማይችል ሲነግረው (ዮሐ. 3፥5) ስለ ዕቃው አላነሣም፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ ባገኘው ውኃ ተጠምቆ ደስ እያለው መንገዱን ቀጥሏል (ሐዋ. 8፥36-39)። ካህኑ ውኃውን በጸሎት ባርኮ፣ ልጅዎን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ካጠመቀው፣ ሜሮን ቀብቶ ከቅዱስ ቊርባን ካሳተፈው፣ ምሥጢሩ ምሉዕ ነው።

ወንድምዎ የላኩልዎት መጠመቂያ ግን በራሱ ትምህርት ስላለው ጥቂት ልቈይበት። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቤልጅየም ከምትገኘው ከቱርኔ ከመጣ ድንጋይ የተሠራ ነው። ድንጋዩ በእርግጥ ጥቁር የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ሲወለወል ስለሚያንጸባርቅ እብነ በረድ ሲባል ኖሯል። በጎኖቹ ላይ የአዳምና የሔዋን መፈጠር፣ መሳታቸው፣ ከገነት መባረራቸው፣ ከዚያም መልአክ አዳምን መቆፈር ሲያስተምረው ሔዋንም ስትፈትል ተቀርጿል። ይህ ታሪክ በመጠመቂያ ላይ መቀረጹ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት እንደገቡ ይነግረናልና፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን የምታጠምቀው አዳም ያጣትን ገነት በጥምቀት እንደምናገኝ ስታስተምር ነው። በድንጋዩ ላይ አዳም ሲወጣ ይታያል፤ በውስጡ የሚጠመቀው ሕፃን ግን ተመላሽ ነው።

ጸጋው ከውኃውና ከመንፈስ ቅዱስ ነው ማለት ዕቃው ክብር የለውም ማለት አይደለም። ብልጣሶር ከቤተ መቅደስ በተወሰዱት ዕቃዎች ወይን በመጠጣቱ የደረሰበትን ፍርድ በዳንኤል ምዕራፍ 5 እናነባለን። ስለዚህ ሳህኑም ቢሆን ለክርስትና ከተለየ በኋላ ለልብስ ማጠቢያ ወይም ለድግስ መዋል የለበትም፤ አንዳንድ ቦታ በግዴለሽነት ሲደረግ ሳይ በጣም አዝናለሁ።

መጠመቂያ የማሠራት አሳባችሁ መልካም ነው። ከድንጋዩ ዓይነት አስቀድማችሁ ግን ሕፃኑ ሊጠልቅበት የሚችል ጥልቀት እንዲኖረው፣ ውኃውም እግር በማይረግጠው ስፍራ የሚወርድበት መውረጃ እንዲዘጋጅለት አስቡ። በዚህ ላይ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተመካከሩና በአገር ውስጥ ድንጋይ ቢሠራም ይበቃል።